ሳይጠይቅ የሚሰጥ ገመድ

ሥራ የጀመርኩት ቢቸና ነው፤ በስልክ መሥሪያ ቤት፣ በረዳት የመስመር ሠራተኛነት። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አለቃዬ አያ ባንቴ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «መሰላል ትወጫለሽ?» አሉኝ። «እወጣለሁ» አልኳቸው። «ትወርጃለሽስ?» ሲሉኝ ቀና ብዬ መሰላሉን አየሁ። «መውጣትማ ድመትም ትወጣለች» ብለው ፒንሳና የወገብ ቀበቶ ሰጡኝ። ያን ቀን ስድስት ጊዜ ወጥቼ ስድስት ጊዜ ወረድኩ።

አያ ባንቴ በመስመር ሥራ ላይ የሸበቱ ሰው ነበሩ። የስልክ እንጨቶቹን በቁጥራቸው ሳይሆን በአጠገባቸው በሚኖረው ሰው ነበር የሚጠሯቸው። «የእማሆይ እንጨት ዘመም ብሏል፤ የጠጅ ቤቱ እንጨት ሽቦው ላልቷል» ይሉኛል። የእማሆይን ቤት ካላወቅኩ ሥራዬ የት እንደሆነ አላውቅም ማለት ነው። ስለዚህ ከፒንሳው በፊት የከተማውን ሰው ተማርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረውን ነገር ጠየቅኳቸው። ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ የጎረቤታችን የእህል ነጋዴው ስልክ መጮኹን አያቆምም ነበር። ስልኩ ደግሞ ሶኬት ላይ አይሰካም። ታዲያ ምን በልቶ ነው የሚሠራው? አያ ባንቴ ሳይመልሱልኝ ወደ ኋላ ክፍል ወሰዱኝ። ትልልቅ ባትሪዎች በረድፍ ተደርድረዋል። «የከተማው ስልክ ሁሉ ቀለቡ ከዚህ ነው፤ አርባ ስምንት ቮልት። ወሬውም ቀለቡም በአንድ ጥንድ ሽቦ አብሮ ይሄዳል» አሉኝ።

ከዚያ የተላጠ ጥንድ ሽቦ በጣቶቼ አስያዙኝ። እጄ ደረቅ ስለነበር ምንም አልተሰማኝም፤ እንዲያውም ኮራሁ። በዚያው ቅጽበት ለዚያ ቁጥር ሰው ደወለ። ሽቦው ከጣቴ እስከ ክርኔ ነከሰኝ፤ ወርውሬው ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። አያ ባንቴ እየሳቁ «ቀለቡ እምብዛም አይነካሽም፤ የሚናከሰው ጥሪው ነው» አሉ። ሁለት ቀን አኮረፍኳቸው። በሦስተኛው ቀን ለምሳ የተቋጠረላቸውን ዳቦ ለሁለት ገምሰው ሰጡኝና ታረቅን። ነፍሳቸውን ይማር፤ በሥራው አባት ሆነውኛል።

ጊዜው ሄደ። ሰው ሁሉ ተንቀሳቃሽ ስልክ ያዘ፤ የመዳቡ መስመር ተጠቅልሎ ገባ፤ እንጨቶቹም አንድ በአንድ ተነቀሉ። አያ ባንቴ ጡረታ ወጡ። እኔ ረዳትነቱን አልፌ ቴክኒሻን፣ ከዚያም ከፍተኛ ቴክኒሻን ሆንኩ። በኋላ መምህር የሆነው ባሌ ወደ ሞጣ ሲዛወር አብሬው ሄድኩና አቶ ስማቸው የሚባል መሐንዲስ የከፈታት ትንሽ የኔትወርክ ዝርጋታ ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። ስማቸው በዕድሜ ያንሰኛል፤ «እትዬ ትዋቡ» እያለ ነው የሚያዘኝ። ልቡ ደግ ነው። ችኩልነቱ ግን ሻይ እንኳ ተቀምጦ አያስጠጣውም።

የኔትወርክ ገመድ ስምንት ሽቦ፣ አራት ጥንድ ነው። ቀለሞቹ በተራቸው መደርደር አለባቸው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ይህን ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ስደግም አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ቄስ «ልጄ፣ ይህ የማን መልክእ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገሩን ስነግራቸው እሳቸውም እስከ ሞጣ ድረስ አጠኑት። አረንጓዴው ላይ ሲሳሳቱ እያረምኳቸው ደረስን።

ገመድን በስሙ አላምንም። አንድ ጊዜ ቢቸና ውስጥ የአንድ መጋዘን ካሜራዎች እየበሩ እየጠፉ አስቸገሩን። ካሜራዎቹ ኃይላቸውን የሚያገኙት በዚያው በኔትወርኩ ገመድ ነው። ጣራው ሥር ተጠፍሮ የታሰረውን የገመድ ጥቅል ስነካው እንደ በሽተኛ ግንባር ይሞቃል። ሽቦውን በቢላ ስፍቀው ከመዳቡ ቅብ ሥር ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። ወሬ ብቻ ቢሆን ያደርሰው ነበር፤ ቀለብ ሲጫንበት ግን ይግላል፣ ከቀለቡም መንገድ ላይ ይበላል። ባለ መጋዘኑ «መዳብ ነው ብለው እኮ ነው የሰጡኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሳልፍቅ ዘርግቼ አላውቅም።

በገመድ ቀለብ የሚበላ አዲሱን የጠረጴዛ ስልክ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። ሶኬት የለ፣ ቻርጀር የለ፤ ገመዱን ስሰካው በራ። በመለኪያ ሳየው አርባ ስምንት ቮልት ገደማ ነው። የአያ ባንቴን የባትሪ ክፍል ያገኘሁት መሰለኝ። ልዩነቱ አንድ ነው። የጥንቱ መስመር ጫፉ ላይ ስልክ ኖረም አልኖረም ሁልጊዜ ኃይል አለው። የዛሬው ስዊች፣ ማለትም ገመዶቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት ሳጥን፣ ሳይጠይቅ አይሰጥም። ይህንን ልዩነት ለሰው እያስረዳሁ ብዙ እንጀራ በልቻለሁ። አንድ ጊዜ ግን ራሴ ዘነጋሁት፤ ዘነጋሁት ከምል አውቄ አለፍኩት ብል ይሻላል። የምነግራችሁ ይህንኑ ነው።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ሥራው ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ ስሙን ልተወው። ግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። አገራቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቀርብ መጥተው እዚያ ይሰነብታሉ። ማቆያው ከማዋለጃው ሰማንያ እርምጃ ይርቃል፤ መሐሉ የባሕር ዛፍ ረድፍ ነው። ምጥ የጀመራት ስትኖር አንዷ ሮጣ አዋላጅ ትጠራለች። የእኛ ሥራ በማቆያው ግድግዳ ላይ አንድ ስልክ ሰቅሎ ከማዋለጃው ጋር ማገናኘት ነበር። ስዊቹ የሚቀመጠው ማዋለጃው ቢሮ ውስጥ ከመጠባበቂያ ባትሪ ጋር ስለሆነ መብራት ቢሄድም ስልኩ ይሠራል።

የማቆያው ኃላፊ ሲስተር ዘይነባ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት፣ አዋላጅ ነርስ። የነጭ ጋውኗ ኪስ ውስጥ መቀስና ከረሜላ አይጠፋም፤ መቀሱ ለሥራ፣ ከረሜላው እናቶቹን ሊጠይቁ ለሚመጡ ልጆች ነው። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ቢሆንም መጀመሪያ አንቱ ተባባልን።

«ስልኩ በምን ይሠራል?» አለችኝ።

«በዚሁ በገመዱ በሚመጣ ኃይል።»

«እንግዲያው ይቅርብን። እዚህ ቤት ኤሌክትሪክ አይገባም።»

ምክንያቱን ነገረችኝ። ካቻምና ዝናብ በጭቃው ግድግዳ ሰርጎ ሶኬቱ አንዲት እናት መታ። እናቲቱ ተረፈች። ሲስተር ግን በማግስቱ መስመሩን ከሥሩ አስነቅላ ቤቱን በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ፋኖስ ብቻ አደረገችው። «እነዚህ ሴቶች አደራ ናቸው። እናትና ባል ትተው እኔን ብለው ነው የመጡት። እኔ እያለሁ ሽቦ አይነካቸውም» አለች። እንዲህ የሚል ደንበኛ እወዳለሁ። ዕቃው ይሰቀል እንጂ የሚሉኝ ናቸው የሚያስፈሩኝ።

«እንግዳ ደጅዎ ሲመጣ ምን ይላል?» አልኳት።

«ቤቶች ይላል።»

«እርስዎስ?»

«ማነው? እላለሁ።»

«ሳይመልስስ በር ይከፍታሉ?»

«በምን ዕዳዬ።»

«ስዊቹም እንደዚያ ነው። ገመድ ሲሰካበት መጀመሪያ ሰው የማይሰማው ትንሽ ኃይል ልኮ ማነህ? ይላል። ስልኩ ውስጥ ለዚሁ የተቀመጠች ነገር አለች፤ እኔ ነኝ ብላ ትመልሳለች። ቀጥሎ ምን ያህል ትበላለህ? ይለዋል። ቀለብ የሚሰጠው ከዚያ ወዲያ ነው። መልስ ካጣ አይሰጥም። ስልኩ ከተነቀለ ወዲያው ይዘጋል። ሽቦ ከሽቦ ከተነካካም ይዘጋል።»

«ሰው ቢይዘውስ?»

«ሰው ማነህ ቢባል እንደ ስልክ አይመልስም።»

በሩ አጠገብ እንዝርት እያሾረች የምትሰማን አንዲት ነፍሰ ጡር «እንግዲያ እንደ ባሌ ነው በሉኛ። እሱም ሳይጠይቅ አይሰጥም፤ ጠይቆም አይሰጥም» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እንጉዳይ ነው ስሟ። የመጣችው ከዓባይ በረሃ አፋፍ ነው፤ አንድ ቀን ተኩል በእግሯ ተጉዛ። ባሏ እንዳለችው አልነበረም፤ በየቅዳሜው በሶና ማር ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ሲስተር ወደ ውጭ አውጥታኝ በዝግታ «ሁለት ልጅ ለመውለድ ስትመጣ መንገድ ላይ ሞቶባታል። ይህ ሦስተኛዋ ነው። ለዚህ ነው ሁለት ወር ቀድማ የመጣችው» አለችኝ።

ለሙከራ የቢሮአችንን ስዊች ይዤ ነበር። ማዋለጃው ቢሮ ላይ ሰካሁትና ገመዱን እስከ ማቆያው ዘረጋሁ። የገመዱን ጫፍ ላጥኩ። እጄን ባልዲ ውስጥ ነክሬ በእርጥቡ ስምንቱንም ሽቦ ጨበጥኩ። ምንም አልነበረም። ከዚያ ጫፉን አበጅቼ ስልኩ ላይ ስሰካው ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች። ሲስተር ዘይነባ እጄን ገልብጣ አየችው። «በይ እሺ። አንቺን አምኜ ነው የማስገባው» አለችኝ። አንቱታው ያን ጊዜ ቀረ፤ እኔም አንቺ አልኳት።

ሦስት ቀን ሠራን። ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ አድርገን መሬት ውስጥ ቀበርነው። የሞጣ መብረቅ ቀልድ ስለማያውቅ በሁለቱም ጫፍ የመብረቅ መከላከያ አደረግን፤ የመሬት ሽቦውንም በደንብ አጠለቅነው። እናቶቹ ገመዱን «የስልኩ እትብት» አሉት፤ ትንፋሹም ምግቡም በእሱ ነው ብለው። እኔ ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ ከዚያ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ለጤና ጣቢያው የታዘዘው ስዊች ግን ዘገየ። ነሐሴ ሲገባ የሙከራውን ስዊች ለሌላ ሥራ ቢቸና ፈለጉት። ስማቸው አንዲት ጥቁር ትንሽ ሳጥን ሰጠኝ፤ ኢንጀክተር ትባላለች። በአንድ በኩል ከሶኬት ትበላለች፣ በሌላ በኩል ገመዱ ውስጥ ኃይል ትከታለች። «እትዬ ትዋቡ፣ ስዊቹ አዲስ አበባ ቀርቷል። ለጊዜው ይህችን አድርጊበት፤ ያው አርባ ስምንት ነው» አለኝ።

«ይህችኛዋ እኮ አትጠይቅም። ማንም ኖረ አልኖረ ትሰጣለች» አልኩት። ኢንጀክተር ሁሉ እንደዚያ አይደለም፤ የሚጠይቅም አለ። ይህች ግን ርካሿ ነበረች።

«ስልኩ ግድግዳ ላይ ነው፤ ማን ይነቅለዋል? ሁለት ሳምንት ናት።»

እሺ አልኩ። ሄጄ ማዋለጃው ቢሮ ሰካኋት፤ ስልኩም እንደ ወትሮው በራ። ለሲስተር ልነግራት ነበር። እሷ ግን በትሪ ሻይ ይዛልኝ መጣችና ባለፈው ሳምንት በስልኩ ሁለት ጊዜ እንደተጠራች በደስታ አወራችኝ። ደስታዋን ማደፍረስ ከበደኝ። ሻዩን ጠጥቼ ሄድኩ።

በእኛ አገር ቤት ሳይለቀለቅ ዘመን አይለወጥም። ጳጉሜ ሲገባ ማቆያው ውስጥ ያሉት ሴቶች መቀመጥ አልቻሉም። ሲስተር ከባድ ነገር እንዳያነሱ ከለከለቻቸው እንጂ መለቅለቁን አልከለከለችም። ጭቃና አመድ በሳፋ አቡክተው ግድግዳውን ያዙት። ስልኩ ዘንድ ሲደርሱ እንዳይቆሽሽ ብለው ነቀሉት። በእንጉዳይ አዲስ ነጠላ ጠቅልለው ትራስ ላይ አስተኙት። ስልኩን እንዲህ ያከበሩ ሰዎች ገመዱን ግን እንደ ገመድ አዩት። ጫፉ ተንሸራቶ ሳፋው ውስጥ ገባ።

ስዊች ቢሆን ስልኩ የተነቀለ ጊዜ ዘግቶ ነበር። የእኔዋ ሳጥን ዝም ብላ ጭቃውን ቀለበችው። ጭቃው ጫፉ ዙሪያ መፍለቅለቅ ጀመረ። እንጉዳይ «ምን ገባበት?» ብላ በእርጥብ እጇ ጫፉን ልታወጣ ያዘችው። ነዘራት። ጮኻ ለቀቀችውና ሆዷን ይዛ መሬት ቁጭ አለች።

ሲስተር ደወለችልኝ። «ወይዘሮ ትዋቡ፣ ቢመጡ ጥሩ ነው» አለችኝ። ሌላ ነገር አልነገረችኝም። አንቱታው መመለሱን ስሰማ ግን ክፉ ነገር እንደደረሰ ገባኝ። ባጃጅ ይዤ ስበር ሄድኩ።

ስገባ እንጉዳይ አልጋ ላይ ተንጋላለች። ሲስተር ዘይነባ ተንበርክካ የጽንሱን ልብ ማዳመጫ ሆዷ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ደግናለች። እጇን አንሥታ ዝም በይ አለችኝ። ሴቶቹ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጃቸው ቆመዋል። በመጨረሻ ሲስተር ቀና ብላ «ይመታል። ደህና ነው» አለች። አንዷ ሴት እልል ልትል ጀምራ በመሐል ለቅሶ ሆነባት።

ገመዱን ሲስተር ከቢሮው አስነቅላ፣ ጫፉን በኪሷ መቀስ ቆርጣ ደጅ ጥላዋለች። አንሥቼ አየሁት፤ የጫፉ መዳቦች ጠቁረው ተበልተዋል።

በዚህ መሐል ስማቸው ደወለልኝ። ወደ ደጅ ወጥቼ የሆነውን ነገርኩት። «እነሱ ነቅለው አይደል ጭቃ ውስጥ የከተቱት? ሪፖርቱ ላይ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ነገሩ ውሸት አልነበረም። የከበደኝም ለዚያ ነው፤ ውሸት ቢሆን ወዲያው እንቢ እለው ነበር።

ተመልሼ ስገባ እንጉዳይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። «እትዬ፣ ይቅር በዪን። ነቅለን ገመድሽን አበላሸንብሽ» አለችኝ። ሲስተርም «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳይነግሩኝ እንዳይነቅሉት ማስጠንቀቅ ነበረብኝ» አለች። እኔን የወቀሰ አልነበረም። ማንም አልጠየቀኝም። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር።

«የእናንተ ጥፋት አይደለም» አልኩ። «እጄን ነክሬ ያሳየኋችሁ ሌላ ዕቃ ነበር። ያኛው ይጠይቃል። በነሐሴ አንሥቼ በምትኩ የማይጠይቅ አስገባሁ። ያኛው ቢሆን ስልኩን ስትነቅሉት ይዘጋ ነበር፤ እንጉዳይም አትነዘርም ነበር።»

ሲስተር ዘይነባ ማዳመጫዋን በእጇ እንደያዘች አየችኝ። «ልዩነቱን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለእኔ አልነገሩኝም።»

«አልነገርኩሽም» አልኩ፤ ከዚያ ደንግጬ «አልነገርኩዎትም» ብዬ አረምኩት።

«እንግዲህ ይሂዱ» አለች። «ዛሬ አይዞዎት የምልበት አቅም የለኝም።» ስወጣ እንጉዳይ ከኋላዬ «እንደ ንብ ነው የነደፈኝ፤ አትዘኝ እትዬ» አለችኝ። ያቺ ቃል ከሲስተር ቃል ይልቅ አስለቀሰችኝ።

በማግስቱ ኢንጀክተሯን ስማቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ለሲስተር ምን እንዳልኳት ነገርኩት፤ ሪፖርቱንም በዚያው መልክ ጽፌ ሰጠሁት። ተቆጣ። ድርጅቱን እንዳዋረድኩት ነገረኝ። «ስዊቹ እስኪመጣ ሌላ ሥራ አልወጣም» ስለው ይበልጥ ተቆጣ። ቁጣው ሲበርድ ግን ራሱ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ወረደ። በአራተኛው ቀን ስዊቹን ታቅፎ መጣ። «የዓባይን ድልድይ ስሻገር እንኳ ከጭኔ አላወረድኩትም» አለኝ። ይቅርታ እንደማለት ነበር። ሻይ አዘዝኩለት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጦ ጠጣ።

ሲስተር ዘይነባ ግን አልተቀበለችኝም። በመስከረም መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ በር ላይ በአክብሮት አናግራ መለሰችኝ። «ሴቶቹ እግር አላቸው። እስከዛሬ ሮጠው ሲጠሩኝ ኖረዋል፤ አሁንም ይሮጣሉ» አለች። ልከራከራት መብት አልነበረኝም።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ሲስተር ማዋለጃው ውስጥ ሌላ እናት እያዋለደች ነበር። ማቆያው ውስጥ የእንጉዳይ ምጥ ድንገት መጣና ገፋ። ሴቶቹ ተጣሩ፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው በረዶ ግን ድምፃቸውን ዋጠው። የስምንት ወር እርጉዝ የሆነች አንዷ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ባሕር ዛፉ ሥር አዳልጧት ወደቀች። ተነሥታ የቀረውን በጭቃው ላይ እየዳኸች ደረሰች።

ሲስተር ሮጣ ስትደርስ የሕፃኑ ራስ ወጥቷል፤ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። በጣቷ አላቃ አወጣችው። ሴት ልጅ ናት። ለጊዜው አልጮኸችም። ጀርባዋን አሻሸቻት፣ አፏን ጠረገችላት፣ ደግማ አሻሸቻት። ከዚያ ጮኸች። ሮጣ የጠራችውም እናት ጉልበቷ ተልጦ እንጂ ጽንሷ ደህና ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ትዋቡ» አለች ሲስተር ዘይነባ፤ ድምፅዋ ደክሟል። «ነይ። የሚጠይቀውን ይዘሽ ነይ።»

ነይ አለችኝ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣት ቦርሳዬን አነሣሁ።

የተቆረጠውን ገመድ አልቀጠልኩትም፤ መሬት ውስጥ የሚሄድ ገመድ አይቀጠልም። በቱቦው ውስጥ አዲስ ሳብኩ። ከመሳቤ በፊት ሽቦውን እሷ ፊት በቢላ ፍቄ እስከ ውስጡ መዳብ መሆኑን አሳየኋት። ስዊቹን ቢሮው ውስጥ ከመጠባበቂያው ባትሪ ጋር አሰርኩት፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ማንም ዕቃ እንዳይለውጥበት ሳጥኑን ቆልፌ ቁልፉን ለሲስተር ሰጠኋት። ከዚያ በማቆያው በኩል ያለውን ጫፍ ላጥኩና እንደ በፊቱ እጄን ባልዲው ውስጥ ልነክር ጎንበስ አልኩ።

ሲስተር ክንዴን ያዘችኝ። «ያን ጊዜ አንቺ ያዝሽው። ዛሬ የእኔ ተራ ነው።»

«አንቺ መያዝ የለብሽም፤ እኔ...»

«አምጪው።»

እጇን እስከ አንጓዋ ነከረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቢስሚላህ አለች መሰለኝ። ከዚያ ስምንቱንም ሽቦ በእርጥብ መዳፏ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። እንጉዳይ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ከአልጋው ላይ ታየናለች። ሲስተር ዓይኗን ገለጠችና እጇን አየችው። ምንም የለም።

ጫፉን አበጅቼ ሰካሁት። ስልኩ ጥያቄውን መለሰ፣ ቀለቡን አገኘ፣ በራ። ሲስተር አንሥታ ማዋለጃው ያለችውን ባልደረባዋን ጠራች። «ከማቆያው ነው። ይሰማሻል?» አለች። በደንብ ይሰማ ነበር።

ዕቃዬን ስሰበስብ አጠገቤ ተቀመጠች። «ስዊችሽን አምኜ እንዳይመስልሽ። የሳጥን ነገር አላውቅም» አለችኝ።

«ታዲያ ምን አምነሽ ያዝሽው?»

«ያን ቀን ሁላችንም ጥፋቱን በራሳችን ላይ አድርገን ነበር። ትተሽልን መሄድ ትችዪ ነበር። ሳልጠይቅሽ ነገርሽኝ» አለችና ተነሥታ ወደ እናቶቿ ሄደች።

ዛሬ ከመሰላል ወርጃለሁ። አዲስ ለሚገቡ ቴክኒሻኖች የቀለሙን ተራ፣ የገመዱን አፋፋቅ፣ የመሬቱን ሽቦ አሳያለሁ። ሰው በሚኖርበት ቤት «ለጊዜው» የሚባል ዕቃ እንዳያስገቡ እነግራቸዋለሁ። የቀረው ትምህርቴ ሁለት ነው። ኃይል የሚሰጥ ዕቃ ሳይጠይቅ አይስጥ። የሰቀለው ሠራተኛ ደግሞ ሳይጠየቅ ይናገር።